ዘምዘምን ልድር ሄጄ ያየሁት የሮማውያን ምሽግ

ከዮርዳኖስ ከተመለስኩ ወዲህ ወፍጮ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ እህሉን ሳያስመዝን «እህ፣ ምን አይተህ መጣህ?» ይለኛል። ለአንዱ ተርኬ ስጨርስ ሌላው «እኔ ከመካከል ነው የደረስኩት» ብሎ ያስደግመኛል። በሞተር ጩኸት ላይ እየጮህኩ አንዱን ወሬ ደጋግሜ ስላወራሁ ድምፄ ተዘጋ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ዮርዳኖስን ለማየት ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

በቅድሚያ ለምን እንደሄድኩ ይታወቅልኝ። ፍርስራሽ ለማየት አይደለም፤ ፍርስራሽ ቢሆን ኖሮ ያን ሰሞን ከወፍጮ ቤቴ በር ሳልርቅ የምጎበኘው ሞልቶ ነበር። የሄድኩት የወንድሜን ልጅ ዘምዘምን ልድር ወይም ይዣት ልመጣ ነው። ዘምዘም ገና በልጅነቷ ወደ አማን ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የኖረች ናት። አባቷ ወንድሜ ሁሴን የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ጦርነቱ ደርሶ ከተማችን የተያዘች ጊዜ መድኃኒቱ አለቀበት፤ መንገድ ዝግ፣ ፋርማሲው ባዶ፣ ስልኩ ድፍን ያለ። እንዲሁ እያየነው ሞተ። ለልጁ መርዶውን የነገርናት ስልክ ሲከፈት ነው፣ ከተቀበረ ሰንብቶ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ፋሪስ የሚባል ሾፌር ላግባት ማለቱን የሰማነው። ዘምዘም ለምትሠራበት ቤት የሚያሽከረክር ነው። በእኛ ሃይማኖት ኒካሕ፣ የጋብቻው ውል፣ ሴቷን የሚድር ወሊይ ከሌለ አይታሰርም፤ አባት ከሌለ ደግሞ ወሊይነቱ ለአባት ወንድም ይደርሳል። እናቷ እትዬ ራህመት ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦

«ሂድና እይልኝ። ልጄን እንደ ሰው የሚይዟት ከሆነ እሺ በል። እንደ ገረድ የሚያዩዋት ከሆነ ግን እጇን ይዘህ ና።»

«በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

«ወላሂ፣ ዓይን የለህም?»

ሰኞ

ከሐይቅ እስከ ደሴ በሚኒባስ፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱ የገመድ መንገድ ሆኗል። በየኬላው አንድ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ አንድ ጎረምሳ፣ ከጎረምሳው ጀርባ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ጎረምሳ አለ። መታወቂያ ያያል፣ ፊት ያያል፣ እንደገና መታወቂያ ያያል። አንደኛው ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ዮርዳኖስ» አልኩት። ነጭ ኮፍያዬን አተኩሮ እያየ «ለጥምቀት ነው?» አለኝ። አዎ ብለው ኖሮ ቶሎ ያሳልፈኝ ነበር ይሆናል።

አንድ ድልድይ በጦርነቱ ስለተሰበረ አውቶቡሳችን በወንዙ ውስጥ ገባ። ወርደን ጫማችንን አውልቀን በእግር ተሻገርን። ለውጥ የመጣ ሰሞን ግንብ እናፍርስ፣ ድልድይ እንገንባ እየተባለ በየአዳራሹ መዳፋችን እስኪቀላ አጨብጭበን ነበር። ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ቆሜ ያን ጭብጨባ አስታወስኩና ለብቻዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቀዝቃዛው ውሃ ያሳቀኝ መስሏት «አብሽር፣ ደረስን» አለችኝ።

አዲስ አበባ ያደርኩበት ፔንሲዮን ባለቤት መታወቂያዬን አይቶ «ወሎ ነህ! እስቲ አምባሰልን አንጎራጉርልን» አለ። አምባሰል ለእሱ ቅኝት ነው፤ ለእኔ አማቾቼ ያሉበት ወረዳ ነው። የአምባሰል ሰው ተፈናቅሎ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ሲያድር እንዴት አደረ ያለው ጥቂት ነው፣ ዜማውን ግን አገር ምድሩ ያውቀዋል። ይህን ብነግረው ክፍል እንዳይከለክለኝ ፈርቼ ድምፄ ተዘግቷል አልኩት፤ ለወፍጮ ቤት ሰው ይህ ሁልጊዜም ግማሽ እውነት ነው።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑን አልተርክም፤ ተቀመጥኩ፣ ፈራሁ፣ ወረድኩ።

ጉዱ የመጣው አማን አየር ማረፊያ ነው። እትዬ ራህመት ለልጇ በሶ ሰድዳለች። ፈታሹ ፌስታሉን ፈቶ ዱቄቱን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ በሕይወቱ ሲጠብቀው የነበረ ወንጀለኛ እኔ ሆኜ መጣሁለት። ባልደረቦቹን ጠራ። አሸተቱት፣ በጣታቸው ነኩት፣ ተያዩ። እኔ መድረሳ በቀራሁት ዓረብኛ «ይህ ገብስ ነው» ልል ሞከርኩ። የቁርአን ዓረብኛ ይዞ አማን የገባ ሰው በግዕዝ ዳቦ ሊገዛ መርካቶ እንደወጣ ቁጠሩት፤ በአክብሮት ያዳምጡታል፣ የሚገባው ግን የለም። በመጨረሻ በምልክት «ብላ» አሉኝ። በሶ ደረቁን የቃመ ያውቀዋል። አንድ እፍኝ አፌ ከተትኩ፣ ሳል ያዘኝ፣ ዱቄቱ በአፍንጫዬ ወጣ። መርዝ መስሏቸው አንዱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሌላው ውሃ ይዞ ሮጠ። ውሃ ያመጣውን አላህ ይስጠው፤ ጀርባዬን ሲደልቅ እንደ ወንድም ነበር።

ውጪ ዘምዘም ቆማለች። ትታኝ የሄደችው ልጅ ፍራሽ የምታህል ሻንጣ ይዛ ነበር፤ የተቀበለችኝ ሴት ናት። ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ያዝኳት። አፏ ላይ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አልቀበርኩትም፣ አጎቴ። አባቴን አልቀበርኩትም።» መኪና ማቆሚያው መሐል ተቃቅፈን አለቀስን። ፋሪስ ራቅ ብሎ ሻንጣዬን ይዞ ቆመ። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ያላየነው መስሎት ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ ለዚህ አንድ ነጥብ ሰጠሁት።

ረቡዕ

አማን ደሴን ታስታውሳለች፤ ቤቱ ሁሉ ዳገት ላይ ነው፣ ልዩነቱ አንድ ሰው የኖራ ባልዲ ይዞ ከላይ እስከ ታች የለቀለቃት መምሰሏ ነው። ያደርኩት መሐል ከተማ ካለ ርካሽ ሆቴል ነው። አንሶላው ንጹሕ፣ ትራሱ ድንጋይ።

ከሰዓት በኋላ ዘምዘም የምታውቃቸው የእኛ አገር ልጆች ከየሥራቸው ተሰርቀው መጡ። የሐይቅ፣ የአምባሰል፣ የባቲ ልጆች። ሆቴሉ መግቢያ ያለችውን ሶፋ ሞሏት። ከበሶው ለዘምዘም የተረፈላት ነገር የለም፤ እዚያው በመታጠቢያ ቤት ውሃ በጥብጠው ጨረሱት። አንዷ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለ ቤታቸው ቆሞ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚያ በኩል እንዳለፍኩና ጣሪያው እንዳለ ነገርኳት፤ ጣሪያው ብቻ መቅረቱን ግን ዋጥኩት። ሲሄዱ ሁሉም ስሜን ጠርተው እጄን ሳሙ። የሆቴሉ ባለቤት «ሸኽ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሻይ በነጻ ይመጣልኝ ጀመር። አልካድኩም።

ሐሙስ

ፋሪስ ወደ አባቱ ወሰደን። አባቱ አቡ ፋሪስ በረሃው መሐል ለቆመ የሮማውያን ምሽግ ዘበኛ ነው። ከትልቁ መንገድ ወጥተን ጠጠር ላይ ስንንገጫገጭ ቆየንና ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ጎማም የፈነዳ ነበር። «ትናንት ላስጠግነው ነበር» አለ ፋሪስ። እንዲህ የሚል ሾፌር ያለው ሐይቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በጎች ይዘው የሚያልፉ ሰውዬ ከፒክአፓቸው ጎማ ፈትተው ሰጡንና እሳቸው በመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀመጡ። መቼ እንደምንመልስ እንኳ አልጠየቁንም።

ምሽጉ ከሩቅ ይታያል፤ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው። ዛፍ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ ምድሩ የተላጨ ራስ ይመስላል። አራት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ፣ በየማዕዘኑ ማማ፣ ግማሹ የተደረመሰ። ውስጡ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ ክፍሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ የፈረስ መኖ የሚጨመርበት ገንዳ ተፈልፍሏል። ከበሩ በላይ በላቲን የተጻፈ ድንጋይ አለ። አቡ ፋሪስ ጢሙን እየፈተለ አብራራልኝ፣ ዘምዘም ተረጎመች።

«የነገሥታቱና የሹማምንቱ ስም ነው። ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ስም የለም።»

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው አልኩት። ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ተሠርቶ ሲመረቅ የመራቂው ስም ከጥቁር ሰሌዳው ይበልጣል።

«ማንን ፈርተው ነው የሠሩት?» አልኩ።

ደረቱን ነፋ። «የእኔን አያቶች። ግመል ይዘን እንዳንገባባቸው።»

«አሁንስ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ» አለ፤ መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ቀጥሎ እኔ። አያቶቹን ለማስቀረት የተሠራ ግንብ እንዳይሰረቅ መንግሥት እሱን ቀጥሮታል። የበጎቹን ጋጣ ሳየው ግን ድንጋዩ ከምሽጉ ድንጋይ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ዘወር ብዬ አቡ ፋሪስን አየሁት፣ እሱ ሰማይ ሰማይ አየ።

የአገሬ ሰው ይህን ሁሉ ልፋት ቢያይ ያዝን ነበር። አምባሰል ላይ አላህ ራሱ ከገደል ግንቡን ሠርቶ ስለጨረሰ ግንበኛ ሥራ ፈት ነው። ለነገሩ የእኛ ነገር ለየት ይላል። ሮማውያን ምሽግ የሠሩት ባዕድ እንዳይገባ ነው፤ የእኛ ነገሥታት ግሸን አምባን ለእስር ቤት የመረጡት የገዛ ወንድማቸው እንዳይወጣ ነው። እነዚህ ጠላት ውጭ ነው ብለው አስበው ይሆናል፤ እኛ ጠላትን ከቤት መፈለግ የጀመርነው ጥንት ነው።

በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠን አቡ ፋሪስ ስለ ጦርነታችን ጠየቀኝ።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከራሳችን ጋር።»

«ታዲያ ድንበሩ የት ነው?»

«ይራመዳል። አንድ ሳምንት ወልድያ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ እኔ ወፍጮ ቤት መጥቶ ሞተሩን ፈታትቶ ሄደ።»

እኛም ምሽግ ቆፍረን እንደነበር ነገርኩት። በሐይቁ በኩል አገር ሙሉ አካፋ ይዞ ወጣ፤ የቀበሌው ሰዎች ቆመው ፎከሩ፣ «በሬሳችን ላይ ነው የሚያልፉት» አሉ። ተኩሱ ሲቃረብ መጀመሪያ የጠፉት ፎካሪዎቹ ናቸው፤ ሬሳ የሆነው ሌላ ሰው ነው። አሁን ያ ምሽግ ውስጥ አንዱ ድንች ተክሎበታል፣ ጥሩ ይዟል።

አቡ ፋሪስ አልሳቀም። ጢሙን ለቀቀና፣ «እንግዲያው ኒካሑ ነገ እዚሁ ይሁን» አለ። «ድንበር የሚራመድበት አገር ልጄን ለሽምግልና አልሰድም። የእሷም እናት በስልክ ትሰማለች።» ዘምዘም ይህን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

ማታውን ቤታቸው ገባን። አንድ በግ ሙሉውን ሩዝ ላይ ተጋድሞ፣ እርጎ ፈሶበት፣ ሞሰብ በሚያህል ትሪ ቀረበ። ቆመው በእጃቸው ነው የሚበሉት። ሩዙን በመዳፋቸው አድቦልቡለው ወደ አፋቸው ይወረውራሉ፤ የእኔው ጢሜ ውስጥ ቀረ። ባለቤቶቹ ምርጥ ምርጡን ሥጋ እየገነጠሉ እኔ ፊት ይከምሩ ነበር፤ በጉርሻ ከእኛ አያንሱም። ጠግቤያለሁ ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ገና እንደገባን የልጁ እናት ኡሙ ፋሪስ ለዘምዘም ትሪ አስያዘቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ እጇ ለምዶት ነው። ዘምዘምም እጇ ለምዶት ተቀበለች። ሻይ አሳለፈች፣ ሳህን ሰበሰበች፣ ስበላ ቀና ብዬ ሳይ ወጥ ቤት ሆና ታጥባለች። የፋሪስ እህቶች ሶፋ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ይነካካሉ። ልትዳር የመጣች ልጅ በእኛ አገር ሻሿን አስተካክላ ተቀምጣ ሰው ያያታል እንጂ ድስት አትፈትግም። ፋሪስ ወጥ ቤቱን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል፣ አይናገርም። የሰጠሁትን ነጥብ መልሼ ወሰድኩበት። እትዬ ራህመት ዓይን የለህም ያለችኝ ይሄኔ ታሰበኝ። ያን ሌሊት ይዣት ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ደግሞ ፋሪስ መኪና ማቆሚያው ላይ ያፈሰሰው እንባ ትዝ አለኝና የቆረጥኩት መልሶ ገጠመ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደጃቸው ላይ በተተከለ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን በቀይ ነጠብጣብ ሻሽ ጠቅልለዋል፣ ኒካሕ የሚያስሩት ሸኽ ብዕራቸውን አዘጋጅተዋል። ሌላ አስተርጓሚ ስለሌለን ዘምዘም ወንዶቹ መሐል ከጎኔ እንድትቀመጥ ተፈቀደ።

ቡና መጣ። ቡና ያልኩት እነሱ ስላሉት ነው። ጆሮ የሌለው ሲኒ ውስጥ ጠብታ የምታህል፣ ሄል የበዛባት፣ ስኳር ያልነካት ቢጫ ውሃ ናት። አቡ ፋሪስ ራሱ ቀድቶ በቀኝ እጁ ሰጠኝ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኳት። የወሎ ሰው የቀረበለትን ወዲያው አፉ አይከትም፤ ያስቀምጣል፣ ይግደረደራል፣ ባለቤቱ «ወላሂ ጠጣ፣ በሞቴ» እስኪል ይጠብቃል። ሳይለመን የጠጣ እንግዳ ቤቱ ቡና የሌለው ነው ይባላል። ስለዚህ በሞቴ ልባል ተቀመጥኩ።

ማንም አልለመነኝም። ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ። ሸኹ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሁሉም ዓይኑን ከሲኒዋ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሲኒዋ ያመላልሳል። ዝንብ ገብታባት ይሆን ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«አጎቴ» አለች ዘምዘም በሹክሹክታ፣ «አንቱ ምን ሆነው ነው?»

«በሞቴ እስኪሉኝ ነዋ!»

«ኧረ ያ አላህ! እዚህ እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣ ካስቀመጠ ትልቅ ጉዳይ አለኝ፣ ካልፈጸማችሁልኝ አልጠጣም ማለት ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን ሰምቶ እሺ ካላለ በአገሩ ሁሉ ይዋረዳል።»

እግሬ ሥር መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አቡ ፋሪስ ፊቱ ቀልቷል፤ ቀስ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀኝ። ዘምዘም «ጉዳይህን ተናገር እያሉ ነው» አለችኝ።

ተሳስቻለሁ፣ አላወቅኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ዞር ብዬ ግን ዘምዘምን አየኋት። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። እናቷ ምን እንደምትፈልግ ነግራኛለች። አቡ ፋሪስ የሚፈልገውን ትናንት ነገረኝ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም፤ እኔም ጭምር።

«ጉዳዩ ያንቺ ነው» አልኳት። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? እሱን ንገሪያቸው።»

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና ተናገረች። በዓረብኛ ነው፤ ረጅም ነው። የሰማሁት «ሐይቅ» የሚለውን ስምና «እናቴ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ፋሪስ ራሱን ደፋ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እኔን ያገኛችሁኝ የሰው ወለል ስወለውል ነው አልኳቸው። ስለዚህ ከወለል ላይ ያነሳችሁኝ መስሏችኋል። እኔ ግን አባትና እናት ያሳደጉኝ ልጅ ነኝ። አባቴ ቢሞት እናቴ አለች፣ ደጃችን አለ። የምትፈልጉኝ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ሐይቅ ሂዱ። እናቴ ፊት ቁሙና ለምኑኝ አልኳቸው።»

ድንበር ስለሚራመድበት አገር የነገርኩት ሁሉ አቡ ፋሪስ ፊት ላይ ሲመላለስ ይታየኛል፤ ምላሴን ረገምኩት። በመጨረሻ ልጁን አየ፣ ሽማግሎቹን አየ፣ ወደ እኔ ዞረና አንድ ቃል ተናገረ። እሱን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት፦ «ጠጣ።»

ጠጣሁ። እንደዚያ የመረረ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ እስከ አተላው ጨረስኩት። ሽማግሎቹ «ማሻ አላህ» እያሉ ጉልበቴን መቱኝ፤ ብልህ ተደራዳሪ ነው ተባልኩ። አላስተባበልኩም። ኒካሑ ሳይታሰር ሩዙ ተበላ። ዘምዘም ከልማዷ ትሪ ልታነሳ ስትል ኡሙ ፋሪስ መጥታ ከእጇ ወሰደችባት። ፊቷ አልፈካም፤ እኔም ፊቷን አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ

ፋሪስ አየር ማረፊያ አደረሰኝ። መለዋወጫው ጎማ አልተጠገነም። «ሐይቅ ከመምጣቴ በፊት አስጠግነዋለሁ» አለኝ። ዘምዘም የእነሱ ሰዎች እስኪመጡ በሥራዋ ትቆያለች፤ ትሪ ግን የምትይዘው በደሞዝ ብቻ ነው ብላ ስቃለች።

ሰኞ

ሐይቅ ስገባ እትዬ ራህመት ደጅ ቆማ ነበር። ከኋላዬ አየች፤ ማንም የለም።

«ልጄስ?»

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትሪውን፣ ሲኒዋን፣ ዘምዘም ያለችውን። እዚያ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«በራሷ አፍ? ሽማግሎቹ ሁሉ እየሰሙ?»

«ሁሉም እየሰሙ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። እንደገና አስደገመችኝ። ሁሴንን ከቀበርን ወዲህ ጎብጦ የነበረው ወገቧ ቀና ሲል አየሁት። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ስልክ ደውልልኝ አለች። ደወልኩ፤ ነጠቀችኝ።

«ዘምዘም! እንኳን ወለድኩሽ። ሰማሁ። ይምጡ፣ ያልሽው ይሁን። ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ቶሎ እሺ አልላቸውም! ሰው አንዴ መጥቶ የሚወስደው ልጅ የለኝም። ያስቡበት፣ ይሂዱ፣ እንደገና ይምጡ እላቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የማመላልሳቸው!»

ከማዶ ዘምዘም ስትስቅ ይሰማኛል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በደንብ አልለየሁትም።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ በአውሮፕላን ነው የሚመጡት» አልኩ።

«ይመላለሷ!» አለችኝ።